ዳይመንድ ዳይናስቲን ከባዶ መጀመር፦ ፓክ ልክፈት ወይስ ማርኬት ልግባ?

የአራት ኪሎ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የካርድ ጌም የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

እኔ የፊፋ ልጅ ነኝ። ቤዝቦልን የማውቀው በኮፍያ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ቀይ ኮፍያ ሰጠኝ፣ ፊቱ ላይ የተጠማዘዘ ደብልዩ ያለበት። የቡድን አርማ ይሁን የሰው ስም ሳልጠይቅ አድርጌው ስዞር ከረምኩ። ባለፈው ክረምት ደግሞ እኛ ቤት አርፎ ፒኤስ 5ቴ ላይ «ኤምኤልቢ ዘ ሾው 25» የሚባለውን የቤዝቦል ጌም ጫነልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርድ አደረ። እናቴ ጠዋት መብራቱን አይታ «ይሄ ዕቃ አይተኛም እንዴ?» አለች።

እሱ ሄደ፣ እኔ ጌሙ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። በተለይ ዳይመንድ ዳይናስቲ የሚሉት ክፍል፣ ካርድ እየሰበሰብክ የራስህን ቡድን የምትሠራበት። ሜኑው ግን ራስ ያዞራል። ኮንከስት፣ ሞመንትስ፣ ሚኒ ሲዝን፣ ፕሮግራም፣ ኮሌክሽን፣ ማርኬት... የቱን መጀመሪያ እንደምነካ ግራ ገባኝ። ስተብስ የሚባለው ገንዘባቸው ትንሽ ተጠራቅሞልኛል። አንድ ፓክ፣ ማለትም ምን እንዳለው ሳታውቅ የምትገዛው የካርድ እሽግ፣ 1,500 ነው። እጄን እየበላኝ ነው።

ደግሞ ራንክድ፣ በኢንተርኔት ከሰው ጋር የሚገጠምበት፣ ገባሁና ተቀጠቀጥኩ። ኳሱ ከፒቸሩ፣ ከወርዋሪው፣ እጅ ይወጣል፣ መሀል ላይ የሆነ ነገር ይዘላል፣ ከዚያ ስትራይክ ይሉኛል። ኢንተርኔቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ዋናው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው። ቺስታ ነኝ። ጊፍት ካርድ የሚሸጡት ልጆች የሚጠሩትን ዋጋ ታውቁታላችሁ። አንድ ሳንቲም ሳላወጣ ደህና ቡድን መሥራት ይቻላል? ጀለሶቼ ሁሉ ፊፋ ላይ ናቸው፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ቀዩ ከስታዲየም

ምክሬ አጭር ነው። አጥፋውና ፊፋ ክፈት። ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ ስፖርት ለኛ አይሆንም።

እሺ፣ ቀልዴን ነው። ታናሽ ወንድሜ ይጫወተዋል፣ አጠገቡ ተቀምጬ ስለማይ ትንሽ ገብቶኛል። የፊፋውን የካርድ ክፍል፣ አልቲሜት ቲምን፣ የተጫወተ ሰው ግማሹን ያውቀዋል፤ ካርድ አለ፣ ማርኬት አለ፣ ፓክ አለ። ግን እንደ ፊፋው በኬሚስትሪ አትጨነቅም። ጃፓናዊውን ከዶሚኒካኑ፣ የዛሬውን ከሞተው ጎን ብታሰልፍ የሚቀጣህ የለም። ካፒቴን የሚባል ካርድ አለ፣ ለሚመጥኑት ተጫዋቾች ትንሽ ጉልበት ይጨምራል፣ እሱን በኋላ ታየዋለህ።

ወንድሜ ብር አውጥቶበት አያውቅም። ቡድኑ ግን ያስቀናል። ዝርዝሩን ለሚያውቁት ልተው።

የሌሊት ፈረቃ

ወንድሜ፣ ፓኩን አትክፈት። መጀመሪያ ይሄን እንጨርስ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እንግዳው ሁሉ ቁልፉን ወስዶ ሲተኛ ሎቢው የኔ ነው። (አለቃዬ ይሄን የምታነብ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ነኝ።) የምጫወተው በስዊች ነው። ምስሉ ካንተ ፒኤስ 5 ጋር አይወዳደርም፣ ሲከፍትም ያንቀላፋል። ግን መብራት ሲሄድ ባትሪ አለው፤ ኢንተርኔቱን ደግሞ ከስልኬ እሰጠዋለሁ። ለምን መሰለህ፣ ዳይመንድ ዳይናስቲ ከኮምፒዩተር ጋር ስትጫወት እንኳ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ካርዶችህ ያሉት እነሱ ሰርቨር ላይ ነው። የናንተ ሰፈር መብራት ወይም ዋይፋይ የሚያሾፍ ከሆነ 9 ኢኒንግ (ሙሉ 9 ዙር) የሚባል ነገር አትጀምር። የ3 ኢኒንግ ጨዋታዎች ላይ ቆይ፣ ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ ያልቃሉ።

ወደ ፓኩ ልመለስ። ካርዶቹ በቁጥር ነው የሚመደቡት። ከ65 በታች ኮመን፣ ከ65 እስከ 74 ብሮንዝ፣ ከ75 እስከ 79 ሲልቨር፣ ከ80 እስከ 84 ጎልድ፣ ከ85 ጀምሮ ዳይመንድ። ጣሪያው 99 ነው። ፓክ ስትከፍት በብዛት የሚወጣው ከታች ያለው ነው። ኮመን ካርድ ለጌሙ መልሰህ ብትሸጥለት 5 ስተብስ ይሰጥሃል፣ ለብሮንዝ 25። 1,500 ከፍለህ በአምስት በአምስት ስትለቅም አስበው! በነፃ የሚሰጡህን ፓኮች ክፈት፣ እነሱ ምርቃት ናቸው። በስተብስ የሚገዛውን ግን እለፈው። በዚያው 1,500 ማርኬት ገብተህ የምትፈልገውን ጎልድ በስሙ ትገዛለህ፣ አንዳንዴም ሁለት።

የመጀመሪያ ጉዞህ ኮንከስት ይሁን። ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች የተሞላ ካርታ ይወጣልሃል። በየቁራጩ ደጋፊ ሰፍሯል፣ በሚሊዮን እየተቆጠረ። ደጋፊህን እያንቀሳቀስክ የሌላውን መሬት ትይዛለህ። የተቃዋሚ ቡድን ምሽግ ላይ ስትደርስ ግን መጫወት ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይቸኩላል። ከማጥቃትህ በፊት አጠገቡ ያለው ቁራጭ ላይ ደጋፊህን ከምር። ያንተ ቁጥር ከነሱ በበለጠ መጠን ጨዋታው ይቀልልሃል። በትንሽ ሰው የዘለለ ሆል ኦፍ ፌም ወይም ሌጀንድ ከሚባሉት ከባድ ደረጃዎች ጋር ይፋጠጣል፣ ከዚያ ጌሙን ይሰድባል። ደግሞ ባዶ የሚመስሉ ቁራጮች ሥር ፓክና ስተብስ የተደበቀባቸው አሉ። ስለዚህ ምሽጎቹን ስለጨረስክ ብቻ አትውጣ፣ ካርታውን ጠርገህ ውጣ።

ሞመንትስ አጫጭር ሥራዎች ናቸው፤ በዚህ ሰው አንድ ሂት ምታ፣ በዚያኛው ሁለት ሰው አስወጣ የሚሉ። ታክሲ እየጠበቅክ ትጨርሳቸዋለህ። ፕሮግራም የሚባለው ደግሞ የምትሠራውን ሁሉ ነጥብ እየቆጠረ ካርድ የሚሸልምህ መሰላል ነው። ከነዚያ ውስጥ ቲም አፊኒቲን ያዝ። ለ30ዎቹም ቡድኖች አለው። ኮፍያህ የዋሽንግተን ናሽናልስ ነው፣ በነሱ ልጆች ተጫወት፣ ዳይመንዱ ራሱ ይመጣል። ዳይመንድ ኩዌስት የሚባለውም አለ፣ ዛራ እየጣልክ የምትሄድበት። እኔ አልወደውም። ዕድል ከሆነ ፓኩን እከፍት ነበር።

አሁን ወደ ፍቅሬ። ማርኬቱ።

እያንዳንዱ ካርድ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ቸኩሎ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ነው። ሌላው ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው የሚቀበለው። በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት ላልቸኮለው ሰው ነው። አንድ ካርድ አሁኑኑ ለሚገዛ 1,400፣ አሁኑኑ ለሚሸጥ 1,000 ይላል እንበል። አንተ ሁለቱንም አታደርግም። በ1,001 እገዛለሁ ብለህ ትዕዛዝ ትተዋለህ፣ ትሄዳለህ። ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው ይመጣል፣ ካርዱ ያንተ ይሆናል። ከዚያ በ1,399 ለሽያጭ ታወጣዋለህ። ጌሙ ከሽያጩ ላይ 10 በመቶ ይቆርጣል። ወደ 1,259 ይደርስሃል፣ 258 ገደማ ትርፍ። ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ካርድ ላይ አትቆምም፣ ብዙ ካርዶች ላይ ትተክላለህ።

10 በመቶዋን እንዳትረሳት። በ1,000 ገዝተህ በ1,100 ብትሸጥ የሚገባልህ 990 ነው። አትርፌያለሁ ብለህ ስትስቅ 10 ስተብስ ከኪስህ ወጥቷል።

ይሄን ሁሉ ለማድረግ ጌሙ ክፍት መሆን የለበትም። የስልክ አፕ አላቸው፣ ኮምፓኒየን የሚሉት። እኔ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ትዕዛዜን የማስተካክለው። ዳታውም ብዙ አይበላም። ሰልፉ ረጅም የሆነ ቀን ትርፌም ጥሩ ነው።

ሰዓቱንም እወቀው። አዲስ ካርድና አዲስ ፓክ የሚለቁት በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ነው። በኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ፣ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ፣ 5 ሰዓት ይሆናል። ያኔ ሁሉም ፓኩን ይከፍታል፣ ካርድ ገበያው ላይ ይፈሳል፣ ዋጋ ይወርዳል። መግዣህ ያኔ ነው። ለኔ ፈረቃ የተሠራ ነው የሚመስለው።

የድሮው ካሳንቺስ

ልጄ፣ እኔ የጻፍኩት ስለ ኮፍያው ነው።

ዲሲ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። ማታ ማታ የሚያጅበኝ የቤዝቦል ሬዲዮ ነበር። ናሽናልስ ከሞንትሪያል ተነስተው ዋሽንግተን የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።) እስከ 2019 ዋንጫ አላዩም። በዚያ ዓመት ሂዩስተን አስትሮስን 4 ለ 3 ረትተው ወሰዱ። ሰባት ጨዋታ ተጫውተው በሰባቱም ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። በሜዳው ያሸነፈ የለም! ሁዋን ሶቶ 21 ዓመት የሞላው እዚያው ፍጻሜ መሀል ነው። ዛሬ ኒው ዮርክ ሜትስ ጋ ነው፣ የ15 ዓመት ውል ፈርሞ፣ 765 ሚሊዮን ዶላር። እንግዲህ ያ ኮፍያ ይሄን ሁሉ ተሸክሟል።

ጌሙን የልጅ ልጄ አሳይቶኛል። ጣቴ ባይታዘዝልኝም የምታየውን ስህተት አየሁት። ሁሉም ልጅ የመጣውን ኳስ ሁሉ ይመታል። ቤዝቦል እንደዚያ አይደለም። 3 ስትራይክ (በመምቻው ሳጥን ውስጥ ያለፈ ወይም ሞክረህ የሳትከው ኳስ) ካገኘህ ትወጣለህ፣ ግን 4 ቦል (ከሳጥኑ ውጭ ያለፈ፣ ያልሞከርከው ኳስ) ከተወረወረልህ ሳትመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው የሩጫ ማረፊያ፣ ትራመዳለህ። ስለዚህ አለመምታትም ሥራ ነው። ቆጠራውን እይ። 3 ቦልና ባዶ ስትራይክ ከሆነ ፒቸሩ ተጨንቋል፣ መሀል ላይ መወርወር አለበት። ባዶ ቦልና 2 ስትራይክ ከሆነ ደግሞ ሊያታልልህ ነው፤ መሀል የሚመጣ መስሎ መጨረሻ ላይ ከሳጥኑ የሚወጣ ኳስ ይሰድልሃል። ልብህን ያዝ።

ሌላው የእጅ ነገር ነው። ግራኝ መቺ በቀኝ እጁ ከሚወረውር ፒቸር ጋር ሲገጥም ይቀናዋል። ኳሱ ወደ እሱ ስለሚመጣ ቀድሞ ያየዋል። ቀኝ ለቀኝ፣ ግራ ለግራ ሲሆን ደግሞ መቺው ይቸገራል። አሠልጣኞች ጨዋታ መሀል ሰው የሚቀይሩት ለዚህ ነው። ጌሙም ይሄን ያውቃል፤ ካርዱ ላይ ለግራና ለቀኝ ፒቸር የተለያየ ቁጥር አለ። የልጅ ልጄን ጠይቄ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ኮፍያው ለእናቴ ነገርኳት፣ «እና ሰውየው ስንት ሚሊዮን?» ብላ አስደገመችኝ።

የሌሊት ፈረቃ፣ ይመችሽ። ኮንከስት ጀምሬያለሁ። ደጋፊ መከመሩ በጣም ሠራ። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ኮሌክሽን ውስጥ ገብቼ ካርዶቼን «ቆልፍ» እያለኝ ነው፣ ሽልማት አለው ይላል። ልቆልፍ? ደግሞ ሁለት ጎልድ አወዳደርኩ፤ አንዱ 84፣ ሌላው 80 ነው። 84ቱ ግን አንድም ኳስ አይመታልኝም። የተበላሸ ካርድ አለ እንዴ?

ኬብል

ስለ መዝለሉ እኔ ልመልስ።

ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል። አንደኛው ቲቪህ ነው። ብዙ ቲቪ ምስሉን ለማሳመር ሲሞክር ያዘገየዋል። ሴቲንግ ግባና ጌም ሞድ የሚለውን አብራ። ፊልም ላይ አይታወቅም፣ ቤዝቦል ላይ ይገድላል። ፈጣን ኳስ ከፒቸሩ እጅ መቺው ጋ የሚደርሰው ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ከሱ ላይ ቲቪህ ቁራጭ ከበላ ምን ይተርፍሃል?

ሁለተኛው ርቀቱ ነው። ተጋጣሚህ በብዛት አሜሪካ ነው ያለው። ዋይፋይ ትተህ በኬብል ብታስገባው መቆራረጡ ይቀንሳል፣ ርቀቱ ግን አይቀንስም። ውቅያኖሱን ማንም አያጥፍልህም። ስለዚህ ራንክድን ለጊዜው ላሽ በለው። ከኮምፒዩተር ጋር ስትጫወት ኳሱ እዚያው እቤትህ ነው የሚሰላው፣ አይዘልም።

አመታቱን ደግሞ በዳይሬክሽናል ጀምር። አንተ ሰዓቱን ብቻ ትይዛለህ፣ የቀረውን የካርዱ ቁጥር ይሠራልሃል። ዞን የሚባለው ላይ ኳሱ የሚያርፍበትን ቦታ ራስህ በስቲኩ ትከተላለህ። በመጨረሻ ሁሉም ጎበዝ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ግን ስትራይክና ቦል መለየት ሳትችል ዞን ብትገባ ጌሙን ትጠላዋለህ። ስትወረውር ሜትር የሚለው ይበቃሃል። ፒንፖይንት በስቲኩ ቅርጽ መሳል ይፈልጋል፣ እጅህ ሲፈታ ትሞክረዋለህ።

የሌሊት ፈረቃ

ካርዱ አልተበላሸም። ኦቨርኦል የሚሉት ትልቁ ቁጥር ሁሉንም ደባልቆ የወጣ ነው። አጥር ላይ ዘሎ ኳስ የሚይዝ፣ ክንዱ ጠንካራ የሆነ፣ ግን ዱላ ሲይዝ የሚተኛ ሰው 84 ሊባል ይችላል። ካርዱን ገልብጠህ ውስጡን አንብብ። ኮንታክትና ፓወር (ኳሱን የማግኘትና አርቆ የመምታት ቁጥር) ለቀኝ ፒቸር ስንት፣ ለግራ ስንት? ጋሼ ያሉት እሱን ነው። የተጋጣሚህ ፒቸር ግራኝ ሲሆን የምታሰልፈውን ቡድን ለብቻ ማዘጋጀት ትችላለህ። ማርኬት ላይ ሰው የሚከፍለው ለትልቁ ቁጥር ነው። ለግራኝ ብቻ የሚያብድ ርካሽ ሲልቨር ተቀምጦ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እንደዚህ ዓይነት ሰው ከወንበር አስነስቼ ስንቱን ጨዋታ ወስጃለሁ።

የምትወደውን ካርድ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አትቀይረው። ስትጫወትበት ነጥብ ያጠራቅምና ፓራለል የሚባል ደረጃ ያወጣል፣ እስከ 5። በየደረጃው ቁጥሮቹ በአንድ አንድ ከፍ ይላሉ። 

ስለ መቆለፍ። ከቆለፍክ በኋላ ያ ካርድ አይሸጥም። ቡድንህ ውስጥ ይጫወታል፣ ገበያ ግን አይወጣም። በፕሮግራም የሰጡህ ካርዶች አብዛኞቹ ድሮውንም አይሸጡም፣ የማይሸጡትን ያለ ሐሳብ ቆልፍ። ከማርኬት የምትገዛቸውን ላይቭ ሲሪስ፣ ማለትም የዘንድሮዎቹን ተጫዋቾች፣ መጀመሪያ ላይ ክፍት ተዋቸው። ገንዘብህ እነሱ ናቸው። የአንድ ቡድን ኮሌክሽን ለመጨረስ ጥቂት ብቻ ሲጎድልህ ያኔ አስላ። ናሽናልስን መጨረስ አይከብድህም። ዶጀርስን ግን አትመኝ፣ ኦታኒ እዚያ አለ። በ2024 ዓ.ም. (በፈረንጅ) 54 ሆም ራን (ከአጥር የሚያልፍ ምት) መትቶ 59 ቤዝ የሰረቀ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ ሮጦ የያዘ፣ ሰው ነው፣ ይወረውራል፣ ይመታል። ዋጋው እንደዚያው ነው፤ እኔ ማርኬት ገብቼ አየዋለሁ፣ ሰላም ብዬው እወጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ የእኔ ምርጥ ጨዋታ ነው። ላይቭ ሲሪስ ካርዶች በየጊዜው ይታደሳሉ። ልጁ በእውነተኛው ሜዳ ላይ ሲያብድ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሲፈዝ ይቀንሳል። አሁን አስብ። 84 የሆነ ጎልድ አለ፣ ልጁ ሰሞኑን እየቀጠቀጠ ነው። ወደ 85 ከዘለለ ዳይመንድ ሆነ። 85 ዳይመንድን ጌሙ ራሱ በ3,000 ስተብስ ከአንተ ይገዛል። ስለዚህ ማርኬቱ የፈለገውን ቢያደርግ ከዚያ በታች አይወርድም። ቀድመህ በርካሽ ገዝተህ ከጠበቅክ ልዩነቱ ያንተ ነው። 79 ሲልቨር ወደ 80 ሲያልፍም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ትርፉ ያንሳል እንጂ። ካልተሳካ ግን ጎልድህ ጎልድ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ሰው ሁሉ አብሮህ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ያለህን ሁሉ አንድ ልጅ ላይ አትጣል። እኔ ውጤቱን የማየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ የምሥራቅ አሜሪካ ቡድኖች የማታ ጨዋታቸውን የሚጀምሩት ያኔ ስለሆነ። ይሄ እንግዲህ የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ ይቆማል። ለሚቀጥለው ያዘው።

ደግሞ ስቶሪላይንስ የሚባለውን የታሪክ ክፍል አትዝለል። ዋናው ሜኑ ላይ ነው ያለው። ሰው ካርዱን ለመውሰድ ብቻ ይገባበታል። እኔ በካርድ ገብቼ በሰዎቹ ነው የቀረሁት። በ«ዘ ሾው 23» ነው የጀመረው፣ ስለ ኔግሮ ሊግ። ጥቁሮች ከትልቁ ሊግ ተከልክለው የራሳቸውን ሊግ የሠሩበት ዘመን ነው። የሚተርከው ካንሳስ ሲቲ ያለው የኔግሮ ሊግ ቤዝቦል ሙዚየም ፕሬዚዳንት ቦብ ኬንድሪክ ነው። ሰውየው ሲናገር ድምፁን ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም፣ አንድ እንግዳ ቁልፍ ሊመልስ መጥቶ አብሮኝ ቆሞ ሰማ።

ሳቸል ፔጅን እዚያ ነው ያወቅኩት። ፒቸር ነው። ትልቁ ሊግ ያስገባው በ1948 ነው፣ በ42 ዓመቱ። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ! ጃኪ ሮቢንሰን ለጥቁሮች በሩን ከከፈተ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በ«ዘ ሾው 24» ጆሽ ጊብሰንን ጨመሩ፣ ሄንክ አሮንን፣ ቶኒ ስቶንን። ቶኒ ሴት ናት። በ1953 ለኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ከወንዶቹ ጋር ሁለተኛ ቤዝ ላይ ተጫውታለች። ከሷ አንድ ዓመት በፊት አሮንም እዚያው ቡድን ነበር። ጊብሰን ደግሞ አንድም ቀን ትልቁ ሊግ ውስጥ ሳይጫወት ነው የሞተው። በ2024 የኔግሮ ሊጎቹን ቁጥር ከዋናው መዝገብ ጋር ሲያዋህዱት የዘመናት ሁሉ የመምታት አማካይ አናት ላይ እሱ ወጣ፣ .372። ያንተ 25 ላይም ሦስተኛው ክፍል አለ። ጨርሰህ የምታገኛቸው ካርዶች ቀጥታ ዳይመንድ ዳይናስቲ ውስጥ ይገባሉ፣ በነፃ። ከሽልማቱ ይልቅ ትረካውን አትዝለል ነው የምልህ። ስኪፕ የምትለዋን አትንካት።

ቀዩ ከስታዲየም

ወንድሜ ይሄን ሁሉ አንብቦ «ሴትየዋ ትክክል ናት» ብሏል። እሱ ሰው አያመሰግንም።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ አለ። የሚቀጥለው ጌም ሲወጣ ካርዶቹን ይዘን እንሄዳለን?

የሌሊት ፈረቃ

አይ። አዲሱ በየዓመቱ መጋቢት ገደማ ይወጣል፣ ካርዱም ስተብሱም አሮጌው ላይ ይቀራል። ከዜሮ ነው። ለዚህ ነው ብር አታውጡበት የምለው። መግዣውን ራሱ ብዙ ጊዜ አዘግየዋለሁ፣ ወራት ካለፉ በኋላ ቅናሽ ላይ ይገባል። ያኔ የምትሰበስበው ነፃ ካርድም ተከምሮ ይጠብቅሃል።

ወንድምህን ደግሞ 79 የሆኑ ሲልቨሮች ይዞ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ከያዘ ስማቸውን ይላክልኝ፣ ዛሬ ማታ ፈረቃ አለኝ።